የግራናይቱ ዚርኮኒየም የት ገባ?
ስለ ዓለት ኬሚካላዊ ምርመራ የወጣው ጽሑፍ «አይሲፒ-ኤምኤስ ከመጣ ወዲህ የትክክለኛነት ችግር ተፈቷል» ማለቱ አልተዋጠልኝም። ይህ የንጥረ ነገሮችን መጠን የሚለካ ማሽን፣ ዓለቱ ተሟሙቶ በፈሳሽ መልክ ሲሰጠው፣ የሚለካው የሟሟውን ብቻ ነው። እኔ ራሴ ግራናይት በአሲድ አሟሙቼ የዚርኮኒየሙ ቁጥር በጣም ወርዶ አግኝቼዋለሁ። ዚርኮኒየሙን የያዘው ዚርኮን የሚባለው ማዕድን አልሟሟም ብሎ ከታች ቀርቶ ነበር። አብሮ የተለካው የሃዋይ ባዛልት፣ ቢኤችቪኦ-2 የሚባለው ይዘቱ አስቀድሞ የታወቀ ማመሳከሪያ የዓለት ዱቄት፣ ግን ልክ ነበር! ባዛልት በቀላሉ ይሟሟላ። ግራናይቱን ሊቲየም ቦሬት ከሚባል ጨው ጋር በሙቀት አቅልጬ ስደግመው ነው የተስተካከለው። ለግራናይት ናሙና የግራናይት ማመሳከሪያ አብሮ ይለካ የምለው ለዚህ ነው። ከላይ «የድሮዎቹ የዓለት ዱቄቶች ታሪክ ሆነዋል» ላልከው ወንድሜ፦ የላብራቶሪዎቹ ልዩነት አፍጥጦ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ብዙ ላብራቶሪዎች የለኳቸው የእነዚያው ዱቄቶች፣ የጂ-1 ግራናይትና የደብሊው-1 ዲያቤዝ (ባዛልት መሰል ዓለት)፣ ውጤት ሲታተም ነው። ያ ባይሆን እያንዳንዱ ላብራቶሪ የራሱን ቁጥር እንዳመነ ይቀር ነበር።