ደመወዝ፦ በስምምነት

ሰው ሕግ አውጪዎቻችንን ሲያማ አልወድም። አሚዎቹ በ2011 የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ስላላነበቡት ነው። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይኖራል ይላል። መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ በወኪሎቻቸው ይቀመጡበታል። ኢኮኖሚውንና የሥራ ገበያውን ያገናዘበ ጥናት ይዘውም ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው ይከልሳሉ።

"ይከልሳሉ" የምትለዋን ቃል ቀስ ብላችሁ አጣጥሟት። አዋጁ ሲወጣ በግሉ ዘርፍ የሚከለስ የደመወዝ ወለል አልነበረም። ሌላው አገር መጀመሪያ ወለሉን ያስቀምጥና ከላሽ ይፈልግለታል። እኛ በቅሎዋ ሳትገዛ ልጓሙን አሠራን። ይህን የመሰለ አርቆ አሳቢነት ከየት ይገኛል?

የቦርዱ ሥልጣንና ኃላፊነትስ? እሱ በደንብ ይወሰናል ተብሏል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ማለት ነው። በደንብ የሚወሰን ነገር ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በጥድፊያ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ አልቆ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራቱ ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ ሜይ ዴይ በመጣ ቁጥር "ዝቅተኛው ደመወዝ የት ደረሰ?" ማለቱ ትንሽ ትዕግሥት ማጣት ይመስለኛል። እየተጠና ነው። ጥናት ደግሞ እንደ ጠላ ነው፣ ካልጠነሰሱት አይጠጣም። (ጥንስሱ ሲቆይ እንደሚኮመጥጥ አውቃለሁ፣ ምሳሌዬን አታበላሹብኝ።)

ጥናት የማይፈጅ ነገርም አለ። ግብር! በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በወር እስከ 600 ብር ማረኝ፣ ከዚያ በላይ ላለችው ግን መቁረጥ ጀመረ። በ2017 ማብቂያ ላይ ነፃዋ ወደ 2,000 ብር ከፍ አለች፣ እናመሰግናለን። እንግዲህ ከስንት ብር ጀምሮ እንደሚቆረጥብህ እስከ ሳንቲሟ ይታወቃል። ከስንት ብር ጀምሮ እንደሚከፈልህ ግን ረቂቅ ምሥጢር ነው፣ ቦርድ ይፈልጋል። መንግሥት በዚያው ዓመት የራሱን ሠራተኞች ትንሹን ደመወዝ 4,760 ብር ሲያደርግም "ቦርዱ ይምጣና" ያለ ሰው አልሰማሁም። የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ይሆናል።

ደግሞስ ወለል ምን ይጠቅማል? አዋጁ በወጣበት ዓመት የአሜሪካው ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን አይተው ነበር። የልብስ ሰፊዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነው ብለው ጻፉ። ካነጻጸሯቸው ልብስ ላኪ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው! ባንግላዴሽ 95 ላይ ነበረች። ምስኪን፣ ወለል ስላላት ከዚያ መውረድ አልቻለችም። እኛ ምን ይዞን?

ከሁሉም የምወደው ምክክሩን ነው። "የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ" ይባላል፤ ቢሾፍቱ ወይ አዳማ፣ ሐይቅ ካለ ሐይቅ ዳር። ባነር ይሰቀላል። ውሎ አበል ይፈረማል። "ጉዳዩ ጥንቃቄ ይሻል" ይባላል፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። አንዱ ግብዓት ይሰጣል፣ ሌላው የሰጠውን ግብዓት ያዳብርለታል። የሻይ ዕረፍት ሲደርስ ቡና የምታቀርበው ልጅ በጠረጴዛዎቹ መሃል እየተሹለከለከች ስኒ ትሰበስባለች። የእሷ ደመወዝ በስምምነት ነው። እሷ ተስማማች፣ ምን ታድርግ።

ይህን ሁሉ ውዳሴ በቀደም ማታ ለሰፈራችን ጥበቃ አወራሁላቸው። ኤጀንሲ ነው ያስቀጠራቸው፣ የራሱን ቆርጦ የተረፈውን ይሰጣቸዋል። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ትራንዚስተሯን ቀነስ አድርገው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"እንግዲህ ልጄ" አሉ፣ "ይሄ ቦርድ ሲቋቋም ቢሮ ይከፍታል አይደል?"

"መክፈቱማ አይቀርም፣ አባባ።"

"ታዲያ በር ላይ ሰው ይፈልጉ ይሆናል። እስቲ ማስታወቂያ ካወጡ እይልኝ። ደመወዙን ስንት እንደጻፉት ጭምር።"