ይድረስ ለክቡር «በህልምህ ምን ይታይሃል?»

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ እርስዎ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ነዎት። እርስዎ ግን የእኔን ጤና ጠይቀውኝ አያውቁም። በቀጥታ ወደ እንቅልፌ ነው የሚገቡት፤ ጫማዎን እንኳን ሳያወልቁ።

ከትናንት በስቲያ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተገናኝተን ነበር። አፌ እስከ ጥጉ ተከፍቷል፣ ማሽኑ ውስጡ ይንጫረራል፣ ግማሽ ምላሴ ደንዝዟል። ልክ በዚያች ሰዓት መጡ። መልስ መስጠት የማይቻልበትን ሰዓት የመምረጥ ተሰጥኦዎን ሳላደንቅ አላልፍም። በሊፍት ሲመጡ ደግሞ ሁለት ፎቅ ሲቀረን ነው። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይም አይቀሩም። ስለ ልምዴ፣ ስለ ትምህርቴ፣ ስለምጠብቀው ደመወዝ ተጠይቄ ጨርሼ ልነሳ ስል «አንድ የመጨረሻ ጥያቄ…» ተባለ፤ ከዚያ እርስዎ ዘው አሉ። ለሒሳብ ሠራተኛነት የተወዳደረ ሰው ህልሙ ለመሥሪያ ቤቱ ምን ይረባዋል? ሌሊት ሌሊትም መዝገብ እንድዘጋ ታስቦ ይሆን?

ብቻዎን መጥተው አያውቁም። ሁልጊዜ አጃቢ ይቀድምዎታል። መጀመሪያ «ይቅርታ» ትገባለች። ቀጥሎ «ቅር እንዳይልህ» ይከተላል። ከዚያ የጠያቂው ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ልክ የሟች ስም ሊጠራ እንደሆነ ሁሉ። ይኼን ሁሉ ሥነ ሥርዓት የሰማ ሰው ትልቅ ምስጢር የሚጠየቅ ይመስለዋል። በመጨረሻ ብቅ የሚሉት ያው እርስዎ ነዎት። እኔ ደግሞ «ምንም ችግር የለውም» እላለሁ። ምን ልበል ታዲያ? ጎረምሳ እያለሁ አንዴ «አንተስ ምን ይታይሃል?» ብዬ ብመልስ ሰውዬው የሳምንቱን ህልሙን በሙሉ ዘረገፈልኝ። ከዚያ ወዲህ እጠነቀቃለሁ።

የሚያናድደኝ መጠየቅዎ አይደለም። የሚያናድደኝ መልስዎን በኪስዎ ይዘው መምጣትዎ ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት «ጨለማ ብቻ ነው አይደል?» ይላሉ። ጨለማ! ክቡር ሆይ፣ ጨለማም እኮ የሚታይ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ ጨለማውን የሚያየው ዓይን ያለው ሰው ነው። እስቲ ልጠይቅዎ፣ በማጅራትዎ በኩል ምን ይታይዎታል? ጥቁር ነው? ግራጫ ነው? ምንም አይደለም። ማጅራትዎ ጨለማ ውስጥ አይኖርም፤ ዝም ብሎ ማየት የሚባል ሥራ የለበትም። እኔም ዘንድ እንደዚያው ነው፤ ቀንም ሌሊትም፣ ነቅቼም ተኝቼም።

ደግሞም መልስዎ ከተሰጠ ዘመናት አልፈዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1838 ሄርማን የተባለ ጀርመናዊ 100 ያህል ዓይነ ስውራንን ስለ ህልማቸው ጠይቆ ጽፏል። በ1888 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ጆሴፍ ጃስትሮው የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር 200 ከሚጠጉ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር አሰባሰበ። ሁለቱም የደረሱበት ተቀራራቢ ነው። ከ5 ዓመታቸው በፊት ዓይናቸውን ያጡ ሰዎች ህልም ምስል የለውም። ከ7 ዓመታቸው በኋላ ያጡት በህልማቸው ማየታቸውን ይቀጥላሉ። መሃል ላይ ያሉት እንደየዕድላቸው ነው። ስለዚህ «ዓይነ ስውር» የሚባል አንድ ሰው፣ አንድ ህልም ይዞ የሚዞር የለም። አንድ ወዳጄ ዓይኑን ያጣው በጎልማሳነቱ ነው። ህልሙ እስካሁን ባለቀለም ነው። ችግሩ ከዚያ ወዲህ የተዋወቃቸው ሰዎች ፊት የላቸውም፤ ህልሙ ራሱ እየፈጠረ ይሰጣቸዋል። ለእኔ ሪዝ ያለው ጢም ሰጥቶኛል። ኖሮኝ አያውቅም፤ ግን አልተቃወምኩም።

እኔ ግን ከተወለድኩ ጀምሮ የማላይ ነኝና የእኔን ልንገርዎ። ዛሬ በሊፍት ውስጥ አይደለንም፤ ቁጭ ይበሉ።

የልጅነት ትምህርት ቤቴ ኮሪደር ውስጥ ነኝ። ግድግዳውን በእጄ ጀርባ እየዳበስኩ እሄዳለሁ። ቀለሙ በየቦታው ተልጧል፤ የተላጠው ጠርዝ ጣቶቼን ቧጨር ቧጨር ያደርገኛል። እንደማውቀው ከሆነ ኮሪደሩ ሲያልቅ የእርምጃዬ ድምፅ ይለወጣል። ፊት ለፊት ግድግዳ ሲቀርብ ድምፅ ጠበብ ይላል፤ ይኼን ለማወቅ ማንም አያስፈልገኝም። በህልሜ ግን በተራመድኩ ቁጥር ድምፁ እየሰፋ ሄደ። እጄ «ኮሪደር ውስጥ ነህ» ይለኛል፤ ጆሮዬ «ሜዳ ላይ ነህ» ይለኛል። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። ከኋላዬ ሰው መጣ። ድምፁ የሒሳብ አስተማሪዬ ነው፤ ያ ጎርናና፣ ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ የሚወጣ ድምፅ። ግን እህቴ ናት። እንዴት አወቅክ ቢሉኝ አላውቅም፤ እህቴ ናት በቃ። እጇን ሰጠችኝ፤ የጣቷን ቀለበት ነካሁት፤ ትክክል ነው። እርጥብ ጠመኔ ሸተተኝ። «ደርሰናል» አለችኝ በአስተማሪዬ ድምፅ። የት እንደደረስን ሳልጠይቅ ነቃሁ።

ዓይናሞች «ፊቱ የሌላ ሰው ነው፣ ግን አንተ እንደሆንክ አውቄያለሁ» ሲሉ ሰምቼ አውቃለሁ። ያው የእኔው ነው። እነሱ ፊት ይቀያይራሉ፣ እኔ ድምፅ እቀያይራለሁ።

ይኼን ህልም ከእነ ቀለበቱ፣ ከእነ ጠመኔው ለአንዱ የእርስዎ መልእክተኛ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። ተነፈሰ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሺ፣ ግን ምን ታየህ?»

ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን እርስዎን ሳይሆን ራሴን ልጥል ነበር፤ ያውም ከደረጃ ላይ።

በ1999 ሁሮቪትዝ፣ ዶምሆፍና ባልደረቦቻቸው ከ15 ዓይነ ስውራን የተሰበሰቡ 372 ህልሞችን አንድ በአንድ መርምረዋል። ከተወለዱ ጀምሮ የማያዩት ህልም ውስጥ ምስል አልተገኘም። የተገኘው መዳሰስ፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መስማት ነው። እርስዎ ለዚህ ሁሉ ጆሮ የለዎትም። ዓይን ብቻ ሆነው ተፈጥረዋል መሰለኝ።

ጠበቆችዎ ደግሞ የሊዝበኑን ጥናት ይጠቅሱብኛል። እውነት ነው፤ በ2003 ፖርቱጋል ውስጥ ቤርቶሎና ባልደረቦቹ ከተወለዱ ጀምሮ የማያዩ ሰዎችን ህልማቸውን በሥዕል እንዲያሳዩ ጠይቀው፣ ሥዕሉ ከዓይናሞቹ ብዙም እንደማይለይ ጻፉ። ስለዚህ በህልማቸው ያያሉ አሉ። በዓመቱ ሌሎች ተመራማሪዎች ተነስተው ሞገቷቸው። እኔ ከሞጋቾቹ ጋር ነኝ። ቤት ሣል ካሉኝ እሥላለሁ። ቅርጹን በእጄ አውቀዋለሁ። ጠረጴዛ ማዕዘን እንዳለው ለመመስከር ደግሞ ጉልበቴ ይበቃል፤ ሰንበሩን ላሳይዎ እችላለሁ። ቅርጽ የዓይን የግል ንብረት ነው ያለው ማነው?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እርስዎ ጠይቀውኝ የማያውቁት፣ ብጠየቅ ግን ቀኑን ሙሉ ሳወራ የምውለው ስለ ቅዠት ነው። በ2014 የዴንማርክ ተመራማሪዎች 50 ሰዎችን ለ4 ሳምንት ህልማቸውን እንዲመዘግቡ አደረጉ። ከፊሎቹ ዓይናሞች፣ ከፊሎቹ ኋላ ላይ ዓይናቸውን ያጡ፣ 11ዱ ደግሞ እንደ እኔ ሲወለዱም የማያዩ ነበሩ። የዓይናሞቹ ህልም ከመቶ 6ቱ ቅዠት ነው። ኋላ ያጡት 7 ከመቶ። የእኛስ? 25 ከመቶ! ከአራት ህልም አንዱ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲገምቱ ቀን የሚያጋጥመን አደጋ ስለሚበዛ ነው ይላሉ፤ አእምሮ ሌሊት አደጋውን ይለማመዳል እንደማለት። የእኔ አእምሮ በጣም ታታሪ ተማሪ ነው። ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ያልገባሁበት ሳምንት የለም። መንገድ መሃል በትሬ ከእጄ ወድቃ ስትንከባለል ይሰማኛል፤ ክልክል፣ ክልክል፣ ክልክል… መኪናው ከየት እንደሚመጣ ግን አይሰማኝም። ኤሌክትሪክ መኪና መሆን አለበት፤ ህልሜም ዘምኗል።

ከሁሉም የከፋው የስልኬ ነው። ስልኬ የሚያነብልኝ ድምፅ አለው። በህልሜ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ሁሉም ጸጥ ብሏል። ስልኬ በገዛ ፈቃዱ መልእክቶቼን ማንበብ ይጀምራል፤ ስለ አለቃዬ የጻፍኩትን፣ ለማን እንደጻፍኩት፣ ከእነ ሰዓቱ። ድምፅ መቀነሻውን በጣቴ እፈልጋለሁ። የስልኩ ጎን ልሙጥ ነው። በሌላኛው ጎን እፈልጋለሁ፤ እሱም ልሙጥ። አለቃዬ ወንበሩን ስቦ ሲጠጋ ይሰማኛል። በላብ ተነክሬ እነቃለሁ።

እስቲ አሁን ይህ ህልም ምስል ቢጨመርበት ምን ይሻሻላል?

ደግሞ ስለ ህልሜ ከመጠየቅዎ በፊት ስለ እንቅልፌ ቢጠይቁ ምን ነበረበት! የሰው ልጅ የውስጥ ሰዓት ከ24 ሰዓት ትንሽ ያልፋል። በየቀኑ የሚያስተካክለው በዓይን በኩል የሚገባ ብርሃን ነው። ጭራሽ ብርሃን የማይደርሳቸው ብዙ ዓይነ ስውራን ሰዓታቸውን የሚያርምላቸው የለም። እንቅልፋቸው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየዘገየ ይሄዳል፤ በሳምንታት ውስጥ ቀኑ ሌሊት፣ ሌሊቱ ቀን ይሆናል፤ ዞሮ ዞሮ ደግሞ ይመለሳል። እኔም አንዱ ነኝ። ስብሰባ ላይ ሳንጎላጅ «ሌሊት ምን ስትሠራ አደርክ?» ይሉኛል። እርስዎ እዚህ ላይ ብቅ ቢሉ ኖሮ እኮ ጥሩ ማምለጫ ይሆኑኝ ነበር። በተፈለጉበት ቀን ግን አይገኙም።

ጨርሰው አይምጡ አልልም። ልጆች ይዘውዎት ሲመጡ ደስ ይለኛል። እነሱ አጃቢ አያስቀድሙም፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አያደርጉም። አንዲት ትንሽ ልጅ በቀደም ለት «በህልምህም ዱላህን ትይዛለህ?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ማን ጠይቆኝ ያውቃል! አንዳንዴ እይዛለሁ፣ አንዳንዴ ግን ያለ ምንም በትር ሽምጥ እሮጣለሁ፤ ነፋሱ ጆሮዬን ይሞላዋል፣ ምንም ነገር አያደናቅፈኝም አልኳት። «ከዚያስ?» አለች። ከዚያማ አወራሁላት፤ እናቷ መጥታ እስክትወስዳት። «ከዚያስ?» የምትባለዋን ቃል እባክዎ ይዋሷት፤ ከአጃቢዎችዎ ሁሉ እሷ ትበልጣለች።

ትልልቆቹ ይዘውዎት ሲመጡ ግን ሁለት ነገር ያሟሉልኝ። አፌ ባዶ ይሁን። መልሱ ሳያልቅም ሊፍቱ አይከፈት።

ዘመዶችዎንም ሰላም ይበሉልኝ። «ቀይ ቀለም ምን ይመስልሃል?» የሚባለው ወንድምዎ ተራውን ይጠብቅ፤ የእሱ ደብዳቤ ገና በረቂቅ ነው። «ስልክ እንዴት ትጠቀማለህ?» የምትባለዋ እህትዎ ግን ምን እንደማደርጋት ጨንቆኛል። ይኼን ደብዳቤ በስልኬ ጽፌ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ላክሁለት። ወዲያው በዚያው ስልክ ደውሎ ያቀረበልኝ እሷኑ ነው።

አክባሪዎ፣
ከአራት አንዱን ሌሊት ጉድጓድ ውስጥ የሚያድረው