«ጆሮ የለህም እንዴ ፋዘር?»

እጄ አሁንም ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ስልኩ ላይ የዘይት አሻራ እየለቀለቅኩ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ከገደፍኩ እለፉኝ። ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ።

አንድ ጌጅ! የሞተር ዙር የምታሳይ፣ የስኒ ማስቀመጫ የምታክል ክብ ነገር። እሷን አይሱዙ ላይ ለማሰር ሦስት ቀን ቆሜያለሁ። ሦስት ቀን መቆም ማለት ጭነት የለም፣ ረዳቱ ግን ቁርስ ምሳ እራቱን ይበላል ማለት ነው። እሱ ደግሞ ሲበላ አይቀልድም።

ቀኝ ጆሮዬ እንደማይሰማ ታውቃላችሁ። ኤንፒአር አይሱዙ ላይ ሞተሩ ከሥርህ፣ በቀኝህ በኩል ነው የሚጮኸው። አሥራ ስምንት ዓመት በዚያው ጆሮ ሰማሁት፤ በቃው። አባይን ደግሞ በማርሽ ነው የምትወርደው፤ ከጎሃ ጽዮን ጀምሮ ፍሬን እየረገጠ የወረደ ሰው ደጀን ሳይሆን ሰማይ ቤት ነው የሚደርሰው። ባለፈው ጭነት ይዤ ስወርድ ማርሹ ዝቅ ያለ ነው፣ ሞተሩ እየተቀደደ ነው፣ እኔ አልሰማሁም። ረዳቱ «ምን እየጮኸ ነው?» ሲለኝ ነው የነቃሁት። ሁለት ቫልቭ ተጣመመ፤ የሦስት ወር ገቢ ሄደ።

«ዙሩን የሚገድብ ገቨርነር አለው አይደል?» ያላችሁኝ ሊቃውንት ደግሞ አላችሁ። ገቨርነር ናፍጣ ይቆርጣል እንጂ ቁልቁለት አይቆርጥም! እዚያ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በሰላሳ ኩንታል ተገፍተህ ስትወርድ ገቨርነሩም እንዳንተው ቁጭ ብሎ ያያል።

እና ሶማሌ ተራ ሄድኩ። «ለናፍጣ ይሆናል?» አልኩት። «ለሁሉም ይሆናል የኔ ጌታ።» «መኪናው 24 ቮልት ነው።» «ለሁሉም አልኩህ እኮ!» ጀርባዋ ላይ 4፣ 6፣ 8 የሚል ማብሪያ አላት። «ያንተ ባለ አራት ፒስተን ነው፣ አራት ላይ አድርጋት» አለኝ፤ 4,200 ብር ተቀበለኝ፤ መረቀኝም። ሶማሌ ተራ የሚመርቅህ ሰው ምን እንደሸጠልህ ያውቃል።

ጋራዥ ገባሁ። ኤሌክትሪሺያኑ ጺም ያላበቀለ ልጅ ነው፤ አንዱ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። (እሱ ጆሮውን ደፍኖ ይሠራል፣ እኔ ጆሮ የለኝም እባላለሁ። ትንሽ ቆዩ፣ እመጣበታለሁ።) ካቢኑን ገልብጦ ሃያ ደቂቃ ሲያጎነብስ ቆየና፦

«ፋዘር፣ ኮይሉ የታለ?»

ፋዘር! አርባ ሦስት ዓመቴ ነው።

«የናፍጣ ሞተር ኮይል የለውም» አልኩት በትሕትና።

«ኮይል የሌለው መኪና የለም።»

«እሺ፣ ካንዴላ አለው?»

«ካንዴላው ውስጥ ነው።»

ውስጥ! ኩላሊት ነው እንዴ? ናፍጣ በግፊት ሙቀት ነው የሚቀጣጠለው፤ ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለው፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልክ ኮይል የለው። ያቺ ጌጅ ደግሞ ባለ 12 ቮልት የቤንዚን ናት፤ የምትቆጥረው የኮይሉን ምት ነው። ይህን እኔ ስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት አውቃለሁ። «24 ነው፣ ተጠንቀቅ» አልኩት። «ኤሌክትሪሺያኑ እኔ ነኝ አንተ?» አለና 24ቱን ቀጥታ አስገባላት። ትስስ! መርፌዋ 8 ሺህ ላይ ዘላ ወጥታ ቀረች። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ በእጄ፣ የኔ አይሱዙ በ8 ሺህ ዙር እየበረረ ነው። ከዚያ ነጭ ጭስ።

ልጁ ምንም አልደነገጠ። እጁን በቱታው ጠርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጎሚስታው፣ ባትሪ ሞይው፣ ቆሎ ሻጯ ሁሉ እንዲሰሙት አድርጎ፦ «ለነገሩ ምን ያደርግልሃል? ጆሮ የለህም እንዴ ፋዘር? ሾፌር ሞተር በጆሮው ነው የሚያነበው!»

እኔስ ምን ብመልስ ጥሩ ነው? በቀኜ በኩል ነበር የቆመው።

«ምን አልክ?» አልኩት።

ጋራዡ ፈረሰ። ጎሚስታው ጎማው ላይ ተደፋ። የራሴ ረዳት፣ እንጀራ የማበላው፣ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። «ምን አልክ?» ይሉኛል አሁን። ዛሬ ጠዋት በር ላይ ዘበኛው ራሱ «ምን አልክ?» አለኝ፤ ያ ሰውዬ እኮ አንድ ቀን ሰላም ብሎኝ አያውቅም!

የእጅ ዋጋ ደግሞ 600 ብር ከፈልኩ። ያቃጠለበት መሆኑ ነው።

ሻጩ ጋ ስመለስ፣ ገመዷ ተነካክቷል አልመልስም፤ «ለደንበኝነት» ሁለተኛዋን በ3,500 ልስጥህ አለኝ። ገዛኋት። አዎ ገዛኋት፣ አትስደቡኝ፣ እልህ ነው። ናፍጣ ሰልፍ ላይ ሌሊቱን ያደረ ሰው፣ ነጋ ብሎ ሰልፉን ጥሎ ይሄዳል? እንደዚያ ነው።

ደግነቱ አንድ ዲናሞ የሚጠቀልሉ ሽማግሌ አገኘሁ። «ልጄ፣ የናፍጣ ዙር የሚለካው ከዲናሞ ነው» አሉኝ። ዲናሞውን ፈቱ፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ የሚያልፍበት ዳዮድ ሳይደርስ፣ ከጥቅሉ ጫፍ ላይ አንዲት ቀጭን ሽቦ በየዱ። እጃቸው እንደ ሐኪም ነው። ጌጇን ለጊዜው ከአንዱ ባትሪ 12 ሰጧት፤ ያው ቴፓችንን እንደምናስረው፣ ያው አንዱን ባትሪ እንደምንገድለው። አስነሳሁ። ሠራች! ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ ቆሞ፣ 5,200 አነበበች።

ሽማግሌው ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ አሰሉት። የቤንዚን ባለ አራት ፒስተን ሞተር በአንድ ዙር 2 ምት ነው የሚሰጣት። የኔ ዲናሞ በፑሌው የተነሳ ሞተሩ አንዴ ሲዞር ሁለቴ ተኩል ይዞራል፤ እያንዳንዱ ዙሩ 6 ምት፤ ድምሩ 15። ስለዚህ ሰባት እጥፍ ተኩል ትዋሻለች። 8 ላይ አደረግናት፤ ውሸቷ በግማሽ ቀነሰ። ደስ ሊለኝ ሲል «ግን እውነተኛው ዙር 2,100 ሲደርስ መስመሯ ያልቃል» አሉኝ። እኔን የሚገድለኝ ከ3 ሺህ በላይ ያለው ነው!

«ለናፍጣ የተሠራ፣ ባለ 24፣ ምቱ የሚስተካከል ግዛ።» እሺ አባቴ። ተራውን ሙሉ ዞርኩ፤ ሁሉም «ለሁሉም ይሆናል» ነው የሚለው። አንዱማ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ቮላኖ ጥርስ ላይ የሚያነብ ሴንሰር አለኝ፣ ቤቱን መብሳት ብቻ ነው አለኝ። መብሳት ብቻ! ራሱን ብበሳው ደስ ባለኝ።

በዚያ ላይ የፍሬኑ ቫኪዩም ፓምፕ ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው፤ ከተፈታ ወዲህ ዘይት ያልበዋል። ጌጅ ላስር ሄጄ ፍሬኔን ይዤ መጣሁ እንዳይሆን ማታ ሁለቴ በባትሪ መብራት አየሁት። እስካሁን ማላብ ብቻ ነው።

ነገ ሌሊት 10 ሰዓት እወጣለሁ። ጌጇ ዳሽቦርዱ ላይ ተለጥፋለች፤ 2,600 ትላለች፣ ቆሜ። ከረዳቴ ጋር ተነጋግረናል፤ ቀኜ በኩል ስለሚቀመጥ ሞተሩ ሲጮኽ ትከሻዬን ይመታል። እሺ ብሏል። እስከ ዛሬ ግን ጎሃ ጽዮን ሳንደርስ ያልተኛበት ቀን የለም።