ላም ባልዋለበት

ሰሞኑን ስድስት ኪሎ አካባቢ ቡና ላይ ሁለት ሰዎች ተያያዙ። አንዱ ሰዓሊ ነው። ሌላው ሥዕል ያሻሽጣል። ደላላ ሲሉት ይቆጣል፣ «አማካሪ ነኝ» ባይ ነው።

«ዘንድሮ አርት ፌር አያምልጥህ» ብሎ የጀመረው እሱ ነው። አርት ፌር ማለት ጋለሪዎች ተሰብስበው ሥዕል የሚሸጡበት ገበያ ነው። ለቡዙ፣ ማለትም ለማሳያ ቦታው፣ ይከፈላል፣ ከተሸጠው እኩሌታው ለጋለሪው ነው፣ ግን ዓለም ያይሃል። ዓለም ማለት እሱ ዘንድ ለንደንና ዱባይ ነው።

ሰዓሊው ስኒውን ሳያስቀምጥ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» አለ።

አማካሪው ተረት አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ላይ የተጀመረውን 1-54 የተባለ ፌር ጠቀሰ፣ የአፍሪካ ሰዓሊ የሚሸጥበት ነው። ቀጥሎ ሰዓሊውን ጋሽ ታደሰ መስፍንን አነሳ። «የሳሏቸው የጉሊት ሴቶች የት ደረሱ? ፌር ነው ያወጣቸው!»

«ጋሽ ታደሰ እኮ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከ30 ዓመት በላይ እያስተማሩ ነው የሳሉት» አለ ሰዓሊው። «እዚያማ ላሟ ውላለች፣ አድራለችም!»

እኔ እዚህ ላይ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ ከማን ወገን እንደሆንኩም ታወቀብኝ። የዚህን ሰዓሊ ስቱዲዮ አይቼዋለሁ። ከቁመቱ የሚበልጥ ሸራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ዘይት ቀለሙ ወፍራም ስለሆነ ከላይ የደረቀ መስሎ ውስጡ ለወራት እርጥብ ነው፣ በጣትህ ብትነካው ይሰጥማል። ፌር ሲደርስ ግን ቶሎ በሚደርቀው በአክሬሊክ ቀለም፣ ሻንጣ ውስጥ የምትገባ ባለ ጀበና ሴትዮ ይስላል፣ ያንኑ ደግሞ ይስላል። አንዷ ገዢ ከቦርሳዋ የሶፋዋን ጨርቅ ቁራጭ አውጥታ ሥዕሉ ላይ ለጠፈችና «ቀዩን ትንሽ ብትቀንሰው?» አለችው። ቀነሰው። እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል።

«ታዲያ ልጆችህ ቀለም ይብሉ?» አለ አማካሪው። ያለው ክርክር ይኸው ነበር፣ ሦስቴ ደገመው። እሺ፣ የቤት ኪራይ በተመስጦ አይከፈልም። ሥዕል ይሸጥ፣ ማን ከለከለ? ግን ዓመቱን ሙሉ ከፌር ፌር የሚዞር ሰው መቼ ይስላል? ሰዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ያን ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ይዞ ሲመጣ እንኳን ገዢ፣ የሚገባው ሰው ስንት ነበር? ገዢ ምን እንደሚወድ ጠይቆ ቢጀምር ኖሮ ዛሬ ስሙን ባላነሳን። ላም ባልዋለበት ነው ነገሩ።

ደግሞ ሰዓሊዎቹ ላይ ብቻ ምን አስጮኸኝ። አገሩ ሁሉ ምረቃ ሆኗል። ሁለት ምዕራፍ የጻፈው ሆቴል ተከራይቶ መጽሐፍ ያስመርቃል። አንድ ዘፈን ያላት ልጅ «የሥራ ዘመኔ» እያለች ቃለ ምልልስ ትሰጣለች። እኛ ሰፈር አንድ ካፌ ሪባን ተቆረጠ፣ ኬክ ተበላ፣ ፎቶ ተነሳን። እጄን ልታጠብ ብል ቧንቧው ገና አልተገጠመም።