ጨለማውን ማን ይለማመደው?

ዛሬም ያው! ሴትዮዋ ጮኸች፣ መብራቱ ከጩኸቱ በኋላ ጠፋ፣ አዳራሹ ሳቀ። ልብ አንጠልጣይ ቴአትር ላይ ያለቦታው ከተሳቀ በኋላ ማን ይፈራል?

አማተር ክበቦቻችን ለቃለ ተውኔቱ ወራት ይሰጣሉ። ለመብራትና ለድምፅ ግን የመክፈቻው ቀን ከሰዓት! ለምን? ፍርሃቱ የሚሠራው እኮ እዚያ ነው! የፓትሪክ ሃሚልተንን የ1938 ተውኔት «ጋዝ ላይት»ን እዩ። ባል ተደብቆ ላይኛው ፎቅ ላይ በቧንቧ የሚመጣ የጋዝ መብራት ሲለኩስ ታች ያለው የሚስቱ መብራት ይደበዝዛል። ሚስት አእምሮዋን መጠራጠር ትጀምራለች። መደብዘዙ አስር ሰከንድ ያህል ይፈልጋል፤ ተመልካቹም «ዓይኔ ነው ወይስ መብራቱ?» ማለት አለበት። በግድግዳ ማጥፊያ ቀጭ ሲደረግ ምን ቀረ? ዲመር፣ ማለትም መብራትን ቀስ በቀስ የሚያደበዝዝ መሣሪያ፣ ተከራዩ! ተራ ኤልኢዲ አምፖል ደግሞ አትሰኩበት፤ ይርገበገባል፣ ወይም ግማሽ ላይ ድርግም ይላል።

መብራት የሚያጠፋው ሰው ተዋናዩን «ሳይህ አጠፋለሁ» የሚለውስ መቼ ነው የሚቀረው? አንድ ሰው ጽሑፉን ይያዝ። እያንዳንዱን የመብራትና የድምፅ ለውጥ በቁጥር ኅዳጉ ላይ ይጻፍ፤ አስቀድሞ «ተዘጋጅ»፣ በሰዓቱ «ሂድ» ይበል። ከፎቅ የሚሰማው ኮቴ ከተመልካቹ ፊት ካለው ስፒከር አይወጣም፤ ስፒከሩ ከመድረኩ ጀርባ ከፍ ብሎ ይሰቀል! የጠረጴዛው ጠርዝና የደረጃው አፍ ላይ በጨለማ የሚያበራ ፕላስተር ይለጠፍ። ተዋናይ ጉልበቱን እየመታ እንዴት ገዳይ ይሆናል?

ንግግሩን እየዘለላችሁ፣ ከለውጥ ወደ ለውጥ ብቻ፣ ሁለት ሙሉ ምሽት ተለማመዱ። ሁለት ምሽት ይከብዳል?