አምፖል ቆጥሮ የመብራት ሒሳብ ማካፈል ይብቃ

ጎንደር ውስጥ፣ ማራኪም ይሁን አዘዞ፣ አንድ ቆጣሪ አከራይንና ሦስት አራት ተከራዮችን የሚያገለግልበት ግቢ ብዙ ነው። የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ወይ በነፍስ ወከፍ ይካፈላል፣ ወይ በአምፖል ቁጥር፣ አለዚያም «ቴሌቪዥን ያለው ይጨምር» ይባላል። ቆጣሪው ግን ሰውም አምፖልም አይቆጥርም። የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ይህን በብዛት የሚበሉት ደግሞ ሙቀት የሚሰጡ ዕቃዎች ናቸው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ዋቱን በሰዓቱ አባዝቶ ለ1000 ማካፈል። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። አሁን 3500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ እንውሰድ። እስኪግል 20 ደቂቃ ግድም፣ ከዚያ ለአንድ እንጀራ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ፣ 30 እንጀራ ጋግሮ መነሣት ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። በመሀል እየጠፋ ስለሚበራ ኤሌክትሪክ የሳበበትን 1 ሰዓት ተኩል እንበለው፤ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ። በዚህ አንድ ጋገራ ያ አምፖል አራት ወር ገደማ ይበራ ነበር። በሳምንት ሁለቴ የሚጋገርበት ቤት ለምጣድ ብቻ በወር 45 ያህል ይጨርሳል። በአምፖል ቁጥር ሲካፈል እንጀራ ገዝቶ የሚበላው ላጤ የጎረቤቱን ምጣድ ይከፍላል ማለት ነው።

ማቀዝቀዣ ላይ ደግሞ ስሕተቱ በተቃራኒው ነው። ሰው 120 ዋት የሚለውን አይቶ በ24 ሰዓት ያባዛና 2.88 ያገኛል። ሞተሩ ግን ቀኑን ሙሉ አይሠራም፤ በሩ ደህና ከገጠመና እንደ ጎንደር ባለ መካከለኛ አየር ውስጥ ከሆነ ከሰዓቱ ሲሶ ያህሉን ቢሠራ ነው፤ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ። በዓመት የሚወስደው በመለያው ላይ ከተጻፈ እሱን ለ365 ማካፈል ይሻላል። የበሩ ላስቲክ ከላላ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ወረቀት በበሩ መሀል አስገብቶ መዝጋትና መሳብ ነው፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ሞተሩ እረፍት የለውም። ካውያም እንዲሁ እየቆረጠ የሚሠራ ስለሆነ የተጻፈበትን ዋት ሙሉ ሰዓት አይወስድም።

ቦይለር ያለበት ግቢ ሒሳቡን ለብቻው ይያዝ። 50 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ሳይጠፋ የሚያድር ከሆነ ደግሞ በጎኑ የሚያመልጠውን ሙቀት ለመተካት በየጊዜው ይነሣል። በውስጡ ያለው ማሞቂያ ብረት ኖራ ከለበሰ ሒሳቡን ብዙም አይጨምርም፤ ሙቀቱ መጨረሻው ውኃው ውስጥ ነውና። ብረቱ ራሱ ግን ከልክ በላይ ግሎ ይቃጠላል።

አስቸጋሪው ምጣድ ነው። እዚሁ የሚሠራው አብዛኛው ምጣድ ዋቱ አልተጻፈበትም፤ ቢጻፍም አንዴ ከተጠገነ አይታመንም። የተበጠሰው ሽቦ ተቆርጦ ሲቀጠል ያጥራል፣ ያጠረ ሽቦ ደግሞ የበለጠ ይስባል። አሥር በመቶ ቢያጥር ጉልበቱ በ11 በመቶ ያድጋል፤ ቶሎ የሚበጠሰውም መቀጠያው ላይ ነው። እንዲህ ያለው ምጣድ ከ16 አምፔር በላይ ሊስብ ስለሚችል በዲቫይደር ላይ መሰካት የለበትም፤ የላላ ሶኬት ላይ ከተሰካም ሶኬቱን ያቀልጠዋል።

ስለዚህ ቆጣሪው ራሱ ይለካ። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ተጽፏል፤ 1600 ነው እንበል። በግቢው ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ምጣዱን ብቻ ማብራትና አንድ ደቂቃ መቁጠር ነው። 80 ጊዜ ብልጭ ካለች 80 ለ1600 ሲካፈል 0.05፣ በ60 ሲባዛ 3 ኪሎዋት። ልኬቱ ምጣዱ በሚጋገርበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ምጣዱ የሚስበው በሲሶ ያህል ይቀንሳልና። ይህ ግን ቁጠባ አይደለም። ምጣዱ እስኪግል ይቆያል፣ እንጀራውም ይዘገያል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ በጎኑና ባልገጠመው አክንባሎ ሙቀት ያመልጣል፤ ለአንድ እንጀራ የሚወጣው ከፍ ይላል።

የጋራ ቆጣሪ ሌላም ጉዳት አለው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ከመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ጀምሮ በእርከን እየጨመረ ይሄዳል። ለየብቻቸው 60 የሚጠቀሙ አራት ቤቶች አንድ ላይ 240 ሲሆኑ ለየብቻ የማይደርሱበት እርከን ላይ ይወጣሉ። ይህ የማንም ተከራይ ጥፋት አይደለም፤ አከራዩ «ብዙ አባከናችሁ» ከማለቱ በፊት ይህን ቢያስብ ደግ ነው። ዘላቂው መፍትሔ ለየቤቱ ቆጣሪ ነው፤ እስከዚያው በየክፍሉ መስመር ላይ ትንሽ የውስጥ ቆጣሪ ማስገባት ይቻላል።

ያም ካልሆነ ስምምነቱ በብር ሳይሆን በኪሎዋት ሰዓት ይሁን። ከመስከረም 2017 ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየተከለሰ ስለሆነ «ለምጣድ ይህን ያህል ብር» የሚል ውል ቶሎ ያረጃል። በየወሩ በአንድ ቀን ቆጣሪውን ፎቶ ማንሣት፣ የየቤቱን ግምት መደመር፣ የደረሰኙን ጠቅላላ ብር ለጠቅላላ ኪሎዋት ሰዓት አካፍሎ በዚያ ዋጋ ማስላት ነው። ለበረንዳና ለግቢ መብራት የሚተርፈው እኩል ይካፈላል። የሚተርፈው ከጠቅላላው አምስተኛውን ካለፈ ግን አንድ ሰው ያልተናገረው ዕቃ አለ፣ ወይም መስመሩ ይፈስሳል። አምፖል ሁሉ ጠፍቶ፣ ሁሉም ዕቃ ከሶኬት ተነቅሎ ቀይዋ መብራት ብልጭ ማለቷን ካላቆመች ኤሌክትሪሽያን ይጠራ፤ ክፍያው የአከራዩ ነው፣ መስመሩ የቤቱ ነውና።