ድር ቢያብር ማንን ያስራል?

ነገሩን ያመጣው የኮምፒውተሩ ልጅ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር፣ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። ልጁ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኔትወርክ ይዘረጋል። በዕድሜ ከሁላችን ያንሳል፤ በእርግጠኝነት ግን ሁላችንንም ያስከነዳል።

የሰፈራችን ላይብረሪ ብቻዋን ምን ትሠራለች? አለ። ከከተማው ሌሎች ንባብ ቤቶች ጋር፣ ከዚያም አልፎ ከሐረሮቹ ጋር አንድ መሆን አለባት። አንድ አስተዳደር፣ አንድ በጀት፣ አንድ ካታሎግ። በአንድ ካርድ የትም ገብተህ ታነባለህ። እዚህ ያጣኸው መጽሐፍ ሐረር ካለ በመኪና ይመጣልሃል። ውጭ አገር የሚሠራው እንዲህ ነው። ይኼን ብሎ ወደ ኋላ ተደገፈና "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" አለን። ተረቱን ራሱ ያወጣው ነው የሚመስለው።

ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡት ሰውዬ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"አንበሳው የቱ ነው?"

"አቦ ጋሼ፣ ተረት እኮ ነው! አንተ ደግሞ!"

"ተረት መሆኑን አላጣሁትም። እናስረዋለን የምትለው አንበሳ የቱ ነው?"

(ድሬ ነው። አንቱታ እዚህ እንደ ኮት ነው፤ ለሙቀቱ አይመችም። እኔም ስጽፍ ነው "አሉ" የምላቸው።)

ልጁ ትንሽ አሰበና "ድንቁርና" አለ።

"እሱማ ታስሮ አያውቅም። ቢታሰርም በዋስ ይወጣል።"

ላይብረሪዋን ለማያውቃት ልንገር። አንድ ክፍል ናት። ሁለት ማራገቢያ አላት፤ አንዱ ይዞራል፣ ሌላው ያየዋል። በር ላይ መታወቂያ ታስይዛለህ፣ ሴትየዋ ቁጥር የተጻፈባት ካርቶን ትሰጥሃለች። 14 ቁጥሯ ጥጓ ላይ የጥርስ ምልክት አለባት። ፈተና የጨነቀው ልጅ ሲነክሳት የከረመ ይመስለኛል። የሚመጣው አብዛኛው የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው፤ መጽሐፍ ፍለጋም አይደለም። ደብተሩን ይዞ ወንበርና ፀጥታ ፍለጋ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሁለቱም የሉማ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ገባሁ። አንድ ልጅ ፊዚክስ መጽሐፍ ፈልጎ መደርደሪያው ላይ አጣው። ሴትየዋ ቀና ሳትል መሳቢያዋን ሳበችና አወጣችለት። "ትናንት ምዕራፉን ሳትጨርስ ነው የሄድከው። ሌላ ሰው እንዳይወስድብህ ደበቅኩልህ" አለችው። በደንቡ ጥፋት ነው። መጽሐፍ መደበቅ ክልክል ነው። ግን ይኼን የትኛው ካታሎግ ይሠራዋል? አንድ የሆነው ትልቁ አስተዳደር መጀመሪያ "ትርፍ የሰው ኃይል" ብሎ የሚያነሳው እኮ ይህቺኑ ሴትዮ ነው።

ይኼን ለልጁ ስነግረው "ስሜታዊ ነህ" አለኝ። ቀጥሎ ምን እንዳለ ታውቁታላችሁ። ድር ቢያብር።

ባለ ሱቁ ሐረር ተወልዶ ያደገ ነው። በዝምታ ሲሰማ ቆየና "ድር ነው ወይስ ድሬ? ድሬ ቢያብርማ ሐረርን ሊያስር ነው" ብሎ አሳቀን። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ይልቅ ከዚያ ቀን ንግግሩ ሁሉ የተሻለውን ያን ጊዜ ተናገረ። "ጫት ከአወዳይ በየቀኑ ይመጣል። ሰዓቱን አያዛንፍም። ያንኑ መንገድ መጽሐፍ ለምን ያቅተዋል?"

እዚህ ላይ ልክ ነበር። ማመን አልፈለግኩም እንጂ።

መልስ የሰጠው ባለ ሱቁ ነው። "ጫቱን እኮ የሚጠብቀው አለ። ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ሰፈሩ ይንጫጫል። መጽሐፍ ዘገየብኝ ብሎ የጮኸ ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

ልጁ ነገሩን ወደ ውሃ አዞረው። ሐረር የምትጠጣው ውሃ እንኳ የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ከዚህ ከቆላው፣ ከድሬ ጃራ ተስቦ አይደለም የሚወጣው? አለ። ባለ ሱቁ "ነው። እናቴን ጠይቃት፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚደርሳት" አለና ሻዩን ጠጣ።

ከመሐላችን አንዷ መምህርት ናት። ብዙ አታወራም፣ ስትናገር ግን እንደ ጥያቄ ወረቀት ነው። "የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ኦሮሚያ ነህ። ሐረማያን፣ አወዳይን አልፈህ ሐረር ስትገባ ሐረሪ ክልል ነህ። ድሬ ደግሞ ተጠሪነቷ ለፌዴራል ነው። ካርዱ አንድ ይሁን፣ እሺ። መጽሐፍ ቢጠፋ ደብዳቤው ለማን ይጻፋል?"

"በሲስተም ይፈታል።"

"ሲስተሙ ማኅተም ስንት አለው?"

መልስ የለም። "ድር ቢያብር" ብሎ ሊጀምር ሲል ጡረተኛው "አንበሳ ያስር" ብለው ጨረሱለት። ከዚያ በኋላ ተረቱ የሁላችን ሆነ። ስኳር ስናቀባብል እንኳ "ድር ቢያብር" እንባባል ጀመር። ልጁ ቅር አለው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አበዛንበት።

ቢሆንም እጅ አልሰጠም። ሐረር ላይ ከየቤቱ የተበተነውን የድሮ የእጅ ጽሑፍ አንድ ላይ ሰብስበው ሙዚየም ያደረጉት አብዱላሂ ሸሪፍ አይደሉም? ያ ውህደት ካልሆነ ምንድን ነው? አለ። ይኼኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። አብዱላሂ ሸሪፍ ሰበሰቡ እንጂ አላዋሃዱም አልኩት። በራሳቸው ቤት ጀመሩ። ባለመጽሐፉን በር እያንኳኩ ለመኑ። የተቀደደውን በእጃቸው ጠገኑ፣ ሐረር ስትታወቅበት የነበረውን የመጽሐፍ ጥራዝ ሙያ መልሰው አስተማሩ። አንድ ሰው መጽሐፎቹን በስማቸው ስለሚያውቃቸው የሆነ ነገር ነው። አንተ የምትለው ኮሚቴ ነው።

ጡረተኛው ቀጠሉ፤ እሳቸው ሲቀጥሉ ደግሞ መነሻው ሁሌ ባቡር ነው። "ሐዲዱ በ1895 ድሬ ደረሰ። ከተማዋ በሐዲዱ ምክንያት ተቆረቆረች። ጣቢያው መሐል ከተማ ነበር፤ እንግዳህን በእግርህ ትሸኛለህ። በ2009 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ትልቅ ነው፣ አልጠላሁትም። ጣቢያው ግን ከከተማ ወጣ። አሁን ባቡር ለመሳፈር መጀመሪያ መኪና ትሳፈራለህ። ላይብረሪህም እንደዚያ ናት የምትሆነው። ደብተር የያዘ ልጅ የባጃጅ ከየት ያመጣል?"

ልጁ ዋናው የመጽሐፍ ክምችት አንድ ዘመናዊ ሕንፃ ውስጥ ይሆናል ሲል ደግሞ፣ "ሁሉንም አንድ ቦታ? በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የት ነበርክ?" አሉት።

"ሕፃን ነበርኩ።"

ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተነፈሰም። ያን ሌሊት የማያስታውስ ድሬ ላይ ያደገ ሰው ሲገጥመኝ ሁሌ ይገርመኛል። ጥፋቱ የሱ አይደለም።

የኔ ፍርድ ተራ ነው። ላይብረሪዎች ይዋዋሱ፣ አይዋሃዱ። ዝርዝራቸውን ይለዋወጡ። ሐረር ያለውን መጽሐፍ ድሬ ያለች ሴትዮ በስልክ ትጠይቅ፣ በሚኒባስ ይላክላት። ለዚህ ጉርብትና ይበቃል። ጎረቤትህ ሞሰብ አዋሰችህ ብለህ ቤትህን አፍርሰህ ከሷ ጋር አትገባም። ባለ ሱቁ እንዳለው ሐረሪዎች አፎቻ አላቸው፤ ለሠርግም ለቀብርም የሚደርስ ማኅበር ነው። ሁሉም አፎቻ አንድ ትልቅ አፎቻ ይሁን ቢባል ማን የማንን ሬሳ ያውቃል?

እኛ ግን ትንሽ ነገር መጠበቅ ያሳፍረናል። በዕድሜዬ ያየሁት ውህደት ሁሉ የሚጀምረው በታፔላ ነው። ሁለት ቢሮ አንድ ይሆናል፣ ታፔላ ይቀየራል፣ ማኅተም ይቀረጻል፣ ስብሰባ ላይ ውሃ በፕላስቲክ ይታደላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ቢሮ ለሁለት ይከፈላል፤ እንደገና ታፔላ። ወንበሩ ግን ያው የተሰበረው ወንበር ነው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 አዲስ አበባ ሲከፈት የማውቀው ሰው ሁሉ ፎቶ ተነሥቶባት ላከልኝ። ደስ አለኝ። ምን አነበብክ ብዬ ስጠይቅ ግን የመለሰልኝ የለም። ንባብ ይስፋፋ የምንል ሰዎች በዝተናል፤ የሚያነብ ጎረቤት ግን በጣት ነው። ልጆቻችንን ላይብረሪ ሂዱ እንላለን፣ ስልካችንን እየነካካን። ሠርግ ላይ ለድንኳን የምናወጣው ብር ያቺን ሁለተኛ ማራገቢያ ስንት ጊዜ ባሠራ ነበር። እኔንም ጨምሮ ነው የምለው፤ ሚያዝያ ላይ ላይብረሪዋ የገባሁት ለማንበብ አልነበረም። ፀሐዩ በርትቶብኝ ነው።

ያን ቀን ግን ይኼን ሁሉ አላልኩም። መሸ፣ አስተናጋጁ ሂሳብ ይዞ መጣ። ጡረተኛው ወረቀቷን ወደ ልጁ ገፋ አደረጉና "በል እንግዲህ፣ ድር ቢያብር" አሉት።

ልጁ ኪሱን ዳበሰና የራሱን ሻይ ከፍሎ ተነሣ።